የመንገደኛ ጓዝ፦ በአዳማ በኩል ወደ ባሕር ማዶ የሄዱ ሰዎች ምን ይዘው ሄዱ?

የታሪክ ተማሪዎች የሆንን 12 ጓደኛሞች በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ከአዳማ ተነሥተን በባቡር ወደ ጅቡቲ ለመሄድ አስበናል። ስለ ጉዞው በመጀመሪያ በተሰበሰብን ቀን ብዙ ሰዓት የወሰደብን የፓስፖርቱ ወይም የመሳፈሪያው ነገር ሳይሆን የጓዙ ነገር ነበር። የተዘጋጀው ዝርዝር ለእያንዳንዱ ሰው ትልቅ ሻንጣ፥ ሁለት ጥንድ ጫማ፥ የክት ልብስ፥ ብርድ ልብስና የሳምንት ስንቅ የሚያዝ ነበር። ዝርዝሩ ተነብቦ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱ «እንግዲያው እኔ እቀራለሁ» አለ። ሻንጣም ሆነ የክት ልብስ የለውም፤ የሚገዛበትም ገንዘብ የለውም። እኛም ዝም አልን።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው ከዚያ ዝምታ የተነሣውን ጥያቄ ነው። ይኸውም፦ ከእኛ በፊት በዚሁ መንገድ ወደ ውጭ አገር የሄዱ ሰዎች ምን ይዘው ሄዱ? ጓዙንስ የተሸከመው ማን ነበር? የሚል ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍነው በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ባቡር ከመግባቱ በፊት ከሸዋ ወደ ዘይላ ወይም ወደ ታጁራ ወደብ የሚወርድ መንገደኛ በበረሃው ውስጥ ሳምንታት ይቈይ ነበር። በደጋው በበቅሎና በአጋሰስ፥ በቈላው በግመል እየጫነ ይሄዳል። ጓዙ ሦስት ዐይነት ነበር፤ ስንቅ፥ መኝታና ልብስ፥ ገንዘብም። ከሦስቱ አባቶቻችንና እናቶቻችን አስቀድመው ያቀለሉት ስንቁን ነው። ገብሱን ቈልተውና ፈጭተው በሶ ያደርጉታል፤ በሶም ውኃ ብቻ ካገኘ እሳት ሳይፈልግ ይበላል። በኦሮሞ ቤት ደግሞ የገብሱ ዱቄት በቅቤ እየታሸ ጭኮ ይሆናል፤ ጥቂቱ ያጠግባል፥ ሳይበላሽም ብዙ ቀን ይቈያል። ዳቦ ቈሎውም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ጓዝን ማቅለል ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ቢኖር በቤቱ ጓዳ ያለውን አልተመለከተም ማለት ነው።

ሊቀል ያልቻለው ገንዘቡ ነበር። አንድ የማርትሬዛ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ 500 ብር የያዘ መንገደኛ 14 ኪሎ፥ 1,000 ብር የያዘ ደግሞ 28 ኪሎ ብር ያስጭናል ማለት ነው። ገንዘቡ ራሱ የሚጭነው በቅሎና የሚጠብቀው ሰው ይፈልግ ነበር። ይህን ሸክም ለማቅለል መንገዱን የከፈተው በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ ነው። ብሩ በሣጥን ሳይጫን በወረቀት ላይ ተጽፎ ሊሄድ ቻለ።

ሌላው ትልቅ ለውጥ የምድር ባቡር ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የተነሣ ባቡር ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ አዳማ ይደርሳል፤ ከዚያም በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል ወደ አዋሽ ይወርዳል። በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው አንዱን ሌሊት በአዋሽ፥ ሁለተኛውን በድሬዳዋ አድሮ በሦስተኛው ቀን ጅቡቲ ይገባ ነበር። በአዋሽ ጣቢያ ቡፌ ምግብና አልጋ ሲገኝ የስንቁና የመኝታው ጓዝ ትርጉሙ ቀነሰ። የሳምንታት መንገድ የሦስት ቀን መንገድ ሲሆን የሸክሙ ልክ ከቀኑ ልክ ጋራ አብሮ አጠረ።

ነገር ግን ጓዙ ሁልጊዜ ቀለለ ማለታችን አይደለም። በ1916 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ ኢየሩሳሌም፥ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ራስ ኃይሉ፥ ራስ ሥዩምና ሌሎችም መኳንንት አብረዋቸው ነበሩ። ለገጸ በረከት የተዘጋጁ አንበሶች ሳይቀሩ ተወሰዱ። የጉዞውን ነገር የጻፉልን አብረው የሄዱት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። ይህን ጓዝ ከእኛ ሻንጣ ጋራ አመዛዝኖ «ከበደ» ብሎ መንቀፍ ግን ትክክል አይመስለንም። ኢትዮጵያ ወደ መንግሥታት ማኅበር የገባችው በዚያው ዓመት መስከረም ወር ነበርና ስጦታውና አጀቡ የአገር መልእክት ነበሩ። ልብ ልንለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ ያን ያህል ጓዝ ሊኖር የሚችለው የሚያወርደውና የሚጭነው ብዙ እጅ ሲኖር ብቻ ነው። የከበደ ጓዝ ከባለቤቱ ይልቅ የሌላውን ሰው ትከሻ ያደክማል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ፥ በጳጉሜን ወር፥ በተቃራኒው አቅጣጫ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ሌላ ዐይነት መንገደኞች መጡ። እነዚህ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም በአርመኖች ገዳም አግኝተው ያስመጧቸው፥ «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወላጅ አልባዎች ናቸው። በኦቶማን ቱርክ አገር ከደረሰው እልቂት የተረፉ ስለ ነበሩ ከአባት ቤት የወጣ ጓዝ አልነበራቸውም። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት መጠንቀቅ አለብን። ወዶ ያቀለለና ተዘርፎ የቀለለ አንድ አይደሉም፤ የስደተኛን ባዶ እጅ እንደ ጥበብ ቈጥሮ ማመስገን ግፍ ነው። ሆኖም እነዚህ ልጆች የሙዚቃ መሣሪያ መንፋትን ተምረው ነበርና በአዲስ አበባ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይዘመር የነበረውን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሱ። ሙያቸውን የሚመዝን ሚዛን በአንድም ጣቢያ አልነበረም።

ወደ ውጭ ለትምህርት የተላኩትም ወጣቶች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። መላኩ በያን፥ በሻህ ውረድ ሀብተ ወልድና ወርቁ ጎበና በ1915 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ወደ ማስኪንገም ኮሌጅ ገቡ። እስቲ የመንገዱን አየር እናስብ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ አዳማ ከ1,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ይላል፤ አዋሽ ጣቢያ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ነው። ከዚያ የቀይ ባሕር ሙቀት፥ በመጨረሻም የኦሃዮ በረዶ ይከተላል። ለእያንዳንዱ አየር አንድ አንድ ልብስ ልያዝ የሚል ሰው ሣጥን አይበቃውም። ለበረዶው የሚሆነውን ካፖርት በረዶው ባለበት አገር መግዛት፥ ለመንገዱ ግን የሚደረብና የሚወልቅ ልብስ መያዝ ይሻላል። መላኩ በያን በ1927 ዓ.ም. ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው ዶክተር ሆነው ወጡ፤ ለአገራቸው ያተረፉት በሣጥን የሚገባ ነገር አልነበረም።

በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ደግሞ ጓዝ በኪሎ የሚቈጠር ነገር ሆነ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዳኮታ አይሮፕላኖች መንገደኛው በግራና በቀኝ ባለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ዕቃው በመካከል ይጫናል። በቅሎ ቢከብዳት ትለግማለች፤ አይሮፕላን ግን ከልኩ በላይ ከተጫነ ከመሬት አይነሣም። ስለዚህ ሚዛን ለጌታውም ለተማሪውም እኩል ሆነ።

ዛሬ አሮጌው ሐዲድ በአዳማ በኩል ሥራውን ካቆመ ዓመታት ሆኖታል። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር የአዳማ ጣቢያው ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ ነው። ሻንጣችንን እስከዚያ የሚያደርስልን አጃቢ የለንም። ከዚህ በላይ ያየነው ታሪክ ሁሉ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፤ ጓዝ የሚወሰነው በምን እንፈልጋለን ብቻ ሳይሆን በማን ይሸከመዋል ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ገና ጻፍነው። ለየራስ መያዝ ያለበትን ከማኅበሩ ለየነው። ፓስፖርት፥ የክትባት ካርድ፥ ገንዘብና ሐኪም ያዘዘው መድኀኒት ከባለቤቱ እጅ አይለይም፤ እነዚህ ክብደት የላቸውም፥ ቢጠፉ ግን ጉዞው ይጠፋል። የቀረውን ለ12 ሰው አንድ ጊዜ አሰብነው፤ አንድ የመጀመሪያ ርዳታ ቦርሳ፥ ሁለት የስልክ ቻርጀር፥ አንድ መርፌና ክር፥ ሦስት መጽሐፍ በየተራ የሚነበብ። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቈሎ ነው። ብርድ ልብሱ በጋቢ ተተካ፤ ጋቢ ሌሊት ልብስ፥ ጧት ካፖርት፥ በባቡር ውስጥ ትራስ ይሆናል። ከመካከላችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት አዳሪ ሆነን ያደግን ሰዎች አንዲት የእንጨት ሣጥን ለሙሉ ዓመት እንዴት ትበቃ እንደ ነበረ ስለምናስታውስ ትልቁን ሻንጣ ማስቀረት አልከበደንም። የክት ልብሱም ቀረ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ይበቃል። ሁሉም በአንድ የትከሻ ቦርሳ ገባ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባላል። ይህ ተረት ስለ መተባበር ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር፤ አሁን ግን ስለ ጓዝም የተነገረ ሆኖ አገኘነው። አዲሱ ዝርዝር በተነበበበት ቀን ያ ጓደኛችን ከቤቱ አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳውን ይዞ መጣ። በውስጡም እናቱ ለ12ታችን የሚበቃ በሶ አድርገውለት ነበር።