ጌታ ያልነበረው አዝማሪ፤ በምዕራብ ጐጃም ስለ አዝማሪና ስለ አድማጩ

ስለ ኢትዮጵያ አዝማሪዎች በቀድሞው ዘመን የተጻፈው ነገር የሚበዛው በነገሥታትና በመኳንንት ግቢ ስለ ኖሩት ነው። ጸሐፊው ራሱ የሚቀመጠው በግቢው አጠገብ ስለ ነበረ ያየውን ጻፈ። ነገር ግን ማሲንቆውን በትከሻው አንግቶ ከገበያ ወደ ገበያ፣ ከሠርግ ወደ ሠርግ የሚዞረው አዝማሪ በቍጥር ከግቢው አዝማሪ ሳይበልጥ አይቀርም። ቀለብ የሚሰፍርለት ጌታ ሳይኖረው አድማጭን በምን ዘዴ አበጀ? ግጥሙስ ሳይነጥፍ እንዴት ቈየ? ከፈረስ ቤት ደጋ አንሥቶ እስከ ፍኖተ ሰላምና እስከ ቡሬ ያለው አገር ለዚህ ጥያቄ መልካም መመርመሪያ ነው።

በጐጃም የታላቅ ግብር ማእከል ደብረ ማርቆስ ነበረች። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ከነገሡ ጀምሮ በ1893 ዓ.ም. እስኪሞቱ ድረስ፣ ከዚያም በልጃቸው በራስ ኃይሉ ዘመን፣ ውዳሴ የሚያውቅ ሰው እንጀራ የሚያገኘው በዚያ ነው። ይህ እንጀራ ግን የጌታውን ዕድል ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ራስ ኃይሉ በ1924 ዓ.ም. ከግዛታቸው ሲነሡ በእርሳቸው ማዕድ ብቻ የተማመነ ሁሉ ባዶ እጁን እንደ ቀረ መገመት አያስቸግርም። በአንጻሩ የዘዋሪው አዝማሪ ጌታ ብዙ ስለ ሆነ አንዱ ቢወድቅ ሌላው ይተርፈዋል።

የዘዋሪው አዝማሪ ዓመት በሠርግ ወራት የተከፈለ ነው። ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ደግሞም ከፋሲካ በኋላ እስከ ክረምት መባቻ ሠርግ ይበዛል፤ በጾም ሠርግ የለም፤ በክረምት ደግሞ ወንዙም ጭቃውም መንገዱን ይዘጋዋል። በእነዚህ ጥቂት ወራት አንድ ቤት ደስ ያሰኘው አዝማሪ በዚያው ድግስ ላይ ለሚመጣው ሠርግ ይጠራል። የአዝማሪው ስም የሚሰፋው በዚህ መንገድ ነው።

ወደ ድግሱ ሲገባ በመጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ሰውን ማወቅ ነው፤ ማን ከየት መጣ፣ የማን ልጅ ነው፣ ምን ሠራ? ይህን ተራ ሽንገላ አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው። አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ስለ መሬት ይዞታ አጥንቶ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ በዚህ አገር የርስት መብት የቆመው ከአንድ ጥንታዊ አባት በመወለድ ላይ ነበር። እንግዲህ ዘር መቍጠር የክርክር መሣሪያ በሆነበት አገር የአንድን ሰው አያት በጉባኤ መካከል ከፍ አድርጎ መጥራት ከባድ ነገር ነው። አዝማሪው ቢሳሳት ወይም የባላንጣውን አባት ቢያስቀድም ግንባሩ ላይ የሚለጠፈው ብር ይቀርበታል፤ ከዚያም የባሰ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የአገሩን የትውልድ ነገር ጠንቅቆ ማወቅ ነበረበት፤ አጥኚው በብዙ ወራት የሚሰበስበውን ነገር እርሱ ለእንጀራው ሲል ይይዘዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው «ተቀበል» የሚባለው ሥርዓት ነው። አድማጩ ግጥሙን በቃሉ ይናገራል፤ አዝማሪው ከአፉ ተቀብሎ በዜማ መልሶ ይለዋል። ከአድማጩ አንደበት ሻካራ ሆኖ የወጣው ስንኝ በማሲንቆው ተገርቶ ሲመለስ ባለቤቱን ያኰራዋል፤ ጎረቤቱም በተራው ሊመልስለት ይነሣል። በዚህ ጊዜ አድማጩ ከተመልካችነት ወጥቶ ገጣሚ ሆኗል፤ የራሱ ቃል የተዘፈነለት ሰው ያን አዝማሪ አይረሳውም። አዝማሪውም በሌላ በኩል ያተርፋል። በቡሬ የተቀበለውን መልካም ስንኝ ይዞ ወደ ደጋው ይወጣል፤ ከደጋው የሰማውን ይዞ ይወርዳል። የፈጠራው ምንጭ በራሱ ጭንቅላት ብቻ ቢሆን ኖሮ በሁለት የሠርግ ወራት በነጠፈ ነበር።

ጐጃም ደግሞ የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። ቅኔ የቈጠረ ተማሪ፣ ደብተራ ወይም ቄስ ባለበት ድግስ ሰሙን ብቻ ሰጥቶ ወርቁን የረሳ አዝማሪ ቶሎ ይታወቅበታል። በግእዝ የሠለጠነ ጆሮ የአማርኛውን ግጥም ይፈትነዋል፤ የጐጃም አዝማሪ በቃል አመራረጥ የተመሰገነበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አዝማሪው የተከበረ ሰው አልነበረም። ሲዘፍን ይሸለማል፤ ለጋብቻ ሲጠየቅ ግን ብዙ ቤት በሩን ይዘጋበታል። ከዚህም የተነሣ አዝማሪዎች እርስ በርሳቸው የሚጋቡ፣ አድማጭ የማይሰማው የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ወገን ሆነው ኖረዋል። ቮልፍ ሌስላው ይህን ቋንቋ መርምሮ በ1952 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሁለት አዝማሪዎች በሰው ፊት ቆመው ስለዚያው ሰው መነጋገር መቻላቸው ለሥራቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ነው።

በአዲስ አበባ የተወሰደው መንገድ ሌላ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር፣ በኋላም ልዩ ልዩ የመንግሥት ኦርኬስትራዎች፣ ዘፋኙን ደመወዝተኛ አደረጉት፤ ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ክልከላ ቸል ብሎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር ዘፋኙ ያለ ተቋም ፈቃድ ከሕዝቡ ጋር ተገናኘ። በሸክላው ላይ ግን አድማጩ ግጥም የሚያቀብልበት ስፍራ የለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን የመሳፍንቱ ግብር ጨርሶ ተዘጋ። ዘዋሪው አዝማሪ አልጠፋም። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የሰዓት እላፊው ሲነሣ በካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ተከፈቱ፤ ከጎንደርና ከጐጃም የወጡ የማሲንቆ ልጆችም መጥተው ቆሙባቸው። በዚያም ማታ ማታ አንዱ እንግዳ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ተቀበል!» ይል ነበር።