ከአርማ ጀርባ ያሉ ክቦች

አንድ ድርጅት አርማ ሲያሠራ ዲዛይነሩ ከተጠናቀቀው ምልክት ጋር ሌላ ወረቀት ማቅረቡ የተለመደ ነው፡፡ በወረቀቱ ላይ አርማው በቀጫጭን ክቦች ተከቦ፣ በጎኑ ደግሞ 1.618 የሚል ቁጥር ተጽፎ ይታያል፡፡ ከፋዩ ሥራ አስኪያጅም ስሌቱን አይቶ ይረካል፡፡ ለመሆኑ እነዚህ ክቦች ሥራቸው ምንድን ነው? የአርማውን ጥራትስ ያረጋግጣሉ?

ክብ ወደ አርማ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው፡፡ አንደኛው ራሱ ምልክት ሆኖ ነው፡፡ ፒየር ደ ኩበርታን እ.ኤ.አ. በ1913 የነደፉት የኦሊምፒክ ምልክት አምስት እኩል ቀለበቶች የተያያዙበት ሲሆን፣ በጨዋታዎቹ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተውለበለበው በ1920 አንትወርፕ ላይ ነው፡፡ የአውዲ አራት ቀለበቶችም እ.ኤ.አ. በ1932 አውቶ ዩኒየን በሚል ስም የተዋሃዱትን አውዲን፣ ዲኬደብልዩን፣ ሆርኽንና ቫንደረርን ይወክላሉ፡፡ በሁለቱም አርማዎች እኩልነትና ኅብረት የተገለጸው ያለ ጽሑፍ፣ በክቦቹ መጠንና መያያዝ ብቻ ነው፡፡

ሁለተኛው የማይታየው ክብ ነው፡፡ ዲዛይነሩ ክቦችን እንደ መለኪያ ይዘረጋል፤ ከጠርዛቸው የሚፈልገውን ቅስት ወስዶ ቀሪውን ያጠፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣችውና በ2023 በኤክስ ፊደል የተተካችው የትዊተር ወፍ የተሠራችው በዚህ መንገድ፣ ከተደራረቡ ክቦች ነበር፡፡ የዘዴው ጥቅም ግልጽ ነው፡፡ ጥቂት መጠኖች ሲደጋገሙ ቅስቶቹ እርስ በርስ ይዛመዳሉ፡፡ ሁለት ቅስቶች ሳይሰበሩ እንዲገናኙ ከተፈለገም የሁለቱ ክቦች እምብርትና የመገናኛው ነጥብ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ መዋል አለባቸው፡፡

1.618 «ወርቃማው ምጥጥን» ይባላል፡፡ አንድ መስመር ለሁለት ሲከፈል፣ ሙሉው ከትልቁ ክፍል ጋር ያለው ምጥጥን ትልቁ ከትንሹ ጋር ካለው ጋር እኩል ከሆነ ይህ ቁጥር ይገኛል፡፡ ኢዩክሊድ ከ2,300 ዓመታት ገደማ በፊት ገልጾታል፡፡ ዲያሜትራቸው 8፣ 13 እና 21 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክቦች ለዚህ ምጥጥን በጣም ይቀርባሉ፡፡ ስሌቱ መጠን ለመምረጥ ያግዛል እንጂ በራሱ ውበት አይሰጥም፡፡ የአፕል አርማ በወርቃማው ምጥጥን ተሠራ የሚሉ ሥዕሎች በብዛት ይሰራጫሉ፡፡ አርማውን እ.ኤ.አ. በ1977 የነደፈው ሮብ ጃኖፍ ግን፣ ንክሻውን የጨመረው ፖሙ ከቼሪ ጋር እንዳይምታታ ብሎ መሆኑን ተናግሯል፡፡ ባለቀ ሥዕል ላይ ክብ መደርደር ለማንም አይከብድም፡፡

ዓይንም ቢሆን ከኮምፓስ ጋር ሁልጊዜ አይስማማም፡፡ ቁመታቸው እኩል የሆነ ክብና ካሬ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክቡ አንሶ ይታያል፡፡ በዚህ ምክንያት የፊደል ቅርጽ ነዳፊዎች ክብ ፊደላትን ከመስመሩ ጥቂት ያሳልፏቸዋል፡፡ ጉግል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ጂ» ፊደልም ክብ ቢመስልም በኮምፓስ ሲለካ ፍጹም ክብ አይደለም፡፡

ስለዚህ አርማ የሚያሠራ ሰው ወረቀቱን ከማድነቁ በፊት ሁለት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል፡፡ አንደኛ፣ ምልክቱ በአንድ ቀለም በማኅተም ላይ ሲያርፍ ወይም በቢዝነስ ካርድ ጥግ ሲያንስ ተለይቶ ይታያል ወይ? ሁለተኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ረቂቆች የት አሉ? ክቦቹን በእውነት የሠራባቸው ዲዛይነር ረቂቆቹን ለማሳየት አይቸገርም፡፡