ከሰቆጣ ኬላ እስከ ወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ለዛሬ ወደ ዋግ እንወጣለን። ጥያቄያችን ሹም በእጁ ስለገባው የሕዝብ ገንዘብ ለማን ሒሳብ ያቀርብ ነበር? የሚል ነው።

ሰቆጣ ጥንት የታወቀች የአሞሌ ጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው ጨው ደጋውን ወጥቶ እዚያ ይሸጣል፤ ነጋዴውም በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል። አገሩን የሚገዙት ዋግሹሞች እንደ ሌላው የዘመኑ ሹም ደመወዝተኛ አልነበሩም። ከግብሩ ድርሻቸውን ያስቀራሉ፣ የቀረው ወደ ላይ ይሄዳል። ስንቱ ቀረ፣ ስንቱ ሄደ ብሎ የሚጠይቅ ገበሬ ከየት ይምጣ?

በ1934 ዓ.ም የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ ይህን በሕግ ለወጠው። ገዢዎች ደመወዝ ተቆረጠላቸው፣ ግብሩም ለገንዘብ ሚኒስቴር ገቢ እንዲሆን ታዘዘ። ሆኖም ሪፖርቱ የሚሄደው ወደ ላይ ብቻ ነበር። ጉዳቱም በ1965 እና 1966 ዓ.ም ታየ፤ ዋግ አንድ አውራጃው በነበረበት በወሎ ሕዝብ በረሃብ ሲያልቅ ነገሩ ለወራት ተደብቆ ቆየ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ሹም ሲሾሙ ሀብቱን ያስመዘግቡ ነበር። ያለ አግባብ ካደገባቸው ሹሞችም ግማሹን ለበይተልማል አስገብተዋል። ሕዝቡ ሲያማርር ሙሐመድ ኢብኑ መስለማን ልከው በቦታው ያጣሩ ነበር። በአገራችን ሀብት የማሳወቅና የማስመዝገብ አዋጅ የወጣው በ2002 ዓ.ም ነው።

ወደ ወረዳ እንመለስ። አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል በጀት ለወረዳ መሰጠት የጀመረው በ1994 ዓ.ም ነው። በጀቱን የወረዳው ምክር ቤት ያጸድቃል፤ የገንዘብ ጽሕፈት ቤቱ ገቢና ወጪውን መዝግቦ ሪፖርት ያደርጋል። ከ1998 ዓ.ም ወዲህ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም በጀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ እንዲለጠፍ ተደረገ። ይህ ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ሒሳቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን ወደ ከፋዩ አዞረ። (ቁጥሩ ኮሌጅ የገባውንም ግራ ያጋባል፤ ያው የሚያስረዳ ሰው ይጠየቃል።) ሰሌዳውን የሚያነብ ሰው ከድምሩ ይልቅ ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ የተለዩበትን መስመር ይይ። አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል፤ መድኃኒቱና የቧንቧ ጥገናው ያለው በቀሪው ውስጥ ነው።

በ2007 ዓ.ም የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት የገባው ቃል በዚችው ከተማ ስም "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" ተባለ። ሥራው በጤና፣ በግብርና፣ በውሃ፣ በትምህርትና በሌሎች መሥሪያ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ለሕፃናቱ የወጣውን ማወቅ የምትፈልግ እናት የምትጠይቀው አንድ ቢሮ ሳይሆን ሁሉንም ነው።