532፦ የመተማዋን ቅዳሜ የሚያውቅ ቁጥር

በመተማ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በዘኪ ጦማል ከሚመራው የደርቡሽ ጦር ጋር የተዋጉት መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወቅቱም የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ይህን የሚያገኘው ዜና መዋዕል ሳይገልጥ ነው፤ መነሻው 532 ነው።

የ532 መሠረት ባቢሎናውያን ቀድመው የደረሱበት፣ የአቴናው ሜቶንም በ432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ያስታወቀው ነገር ነው፦ 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ይገጥማል። ይህ ዓመታት በየተራ በሚሰየሙባቸው በአራቱ ወንጌላውያንና በሰባቱ የሳምንት ዕለታት ሲባዛ 4×7×19 ማለትም 532 ይሆናል። የእስክንድርያው መነኩሴ አንያኖስ በ5ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የፋሲካን ሠንጠረዥ በዚህ ዑደት አሰናዳ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ457 ቪክቶርዮስ ለላቲኖቹ አዘጋጀው። የእኛ ትውፊት ግን ባሕረ ሐሳብን ለሊቀ ጳጳሱ ለድሜጥሮስ ይሰጣል።

ምስጢሩ ሦስቱ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው መሆኑ ላይ ነው። 4 እና 6 ቢሆኑ በ24 ፈንታ በ12 ይገናኙ ነበር። 4፣ 7 እና 19 ግን እስከ መጨረሻው ሳይገጣጠሙ ይጓዛሉ፤ ወንጌላዊውና የ19 ዓመቱ ዑደት በ76 ዓመት ይገናኛሉ፣ ዕለቱ ሲጨመር 532 ይሞላል። ሊቃውንቱ 19ኙን ንዑስ፣ 76ቱን ማዕከላዊ፣ 532ቱን ዐቢይ ቀመር ይሏቸዋል።

ወደ መተማ እንመለስ። ከልደተ ክርስቶስ በፊት የሚቆጠረው 5500 ዓመት እና 1881 ሲደመሩ 7381 ናቸው። 13 ዐቢይ ቀመር ወጥቶ 465 ይቀራል፤ ለ19 ሲካፈል 9 ይተርፋል፤ እንደ ሥርዓቱ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 8 ነው። 8 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 28፣ 8 በ19 ተባዝቶ ሲገደፍ መጥቅዕ 2 ይወጣል። መጥቅዑ የዋለበት ጥቅምት 2 ሐሙስ ነበር፤ የሐሙስ ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 3 ነው፤ የመጥቅዑና የተውሳኩ ድምር፣ መባጃ ሐመሩ፣ 5 ነው። ስለዚህ የነነዌ ጾም የካቲት 5፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 19፣ ፋሲካ ሚያዝያ 14 ሆነ።

ያ 11 የፀሐይ ዓመት ከጨረቃው 354 ቀን የሚበልጥበት ነው። እኛ በአበቅቴ እያጠራቀምን እናስተካክለዋለን፤ በደርቡሾቹ ወገን የነበረው የሂጅራ አቆጣጠር ግን እንዲንሸራተት ይተወዋል፤ ለእነርሱ ወሩ ረጀብ 1306 ነበር። ሁለቱም ለሚፈለጉበት ሥራ ትክክል ናቸው።

ቀመሩ ግን ፍጹም አይደለም። የ19 ዓመቱ ዑደት ከእውነተኛዋ ጨረቃ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ያህል ይዘገያል፤ ሮም የ532 ዓመቱን ቀመር በ1582 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ትታዋለች። ይህ ጉድለት ለእኔ ከሥራው ክብር አይቀንስም።

15ኛው ዐቢይ ቀመር በ1949 ዓ.ም. ጀምሯል፤ በ2480 ይፈጸማል። የ1881 ዓመት ከነዕለቱና ከነበዓላቱ የሚመለሰው በ2413 ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜም መጋቢት 1 ቅዳሜ፣ ፋሲካም ሚያዝያ 14 ይውላል።