የባላንጣ ሚዲያ ዕይታ፦ ሁለቱም ወገን «አደላብን» ሲል

ከሴፕቴምበር 16 እስከ 18 ቀን 1982 (እ.ኤ.አ.) ቤይሩት ውስጥ በሳብራ ሰፈርና በሻቲላ የፍልስጤማውያን መጠለያ በርካታ መቶ፣ በአንዳንድ ግምት ደግሞ ከዚያ እጅግ የበዙ ሰላማዊ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ገዳዮቹ የሊባኖስ ፋላንጂስት ሚሊሻዎች ሲሆኑ አካባቢውን ከብቦ የነበረው የእስራኤል ጦር ነው። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ጉዳዩን ለቀናት ዘገቡት። በዘገባው ሁለት ወገን ተቆጣ። የእስራኤል ደጋፊዎች «ሌላው ለፈጸመው ወንጀል እኛን ከሰሱን» አሉ። የአረቦቹ ደጋፊዎች ደግሞ «የእስራኤልን ጥፋት አለባብሰው አለፉት» አሉ።

ሮበርት ቫሎን፣ ሊ ሮስ እና ማርክ ሌፐር የተባሉ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ክርክር ወደ ጥናት ክፍል አስገቡት። ከሁለቱም ጎራ ደጋፊዎችና ከገለልተኞች የተውጣጡ 144 ተማሪዎች ከእነዚያው ጣቢያዎች የተወሰዱ ተመሳሳይ የዜና ቅንጭቦችን አዩ። የእስራኤል ደጋፊዎቹ ዜናው ለአረቦቹ እንዳደላ፣ የአረብ ደጋፊዎቹ ደግሞ ለእስራኤል እንዳደላ መሰከሩ። የገለልተኞቹ ፍርድ መሐል ላይ ዋለ። ከዚህም በላይ የሁለቱም ጎራ ሰዎች «ይህን ዜና ያየ ገለልተኛ ሰው በእኛ ላይ ይነሣል» ብለው ሰጉ። የበለጠ የሚያስገርመው ግን ስለ ጉዳዩ አብዝቶ የሚያውቀውና አብዝቶ የሚቆረቆረው ደጋፊ ነው። አድልዎውን አጉልቶ ያየው እሱ ነበር፤ ዕውቀቱ አልጠበቀውም።

ጥናቱ በ1985 ታተመ። ክስተቱ በእንግሊዝኛ «ሆስታይል ሚዲያ ኢፌክት» ይባላል። በአማርኛ «የባላንጣ ሚዲያ ዕይታ» እንድንለው ሐሳብ አቀርባለሁ። «የጠላት ሚዲያ ተጽዕኖ» ብንለው አንባቢ ሚዲያው በእርግጥ ጠላት እንደሆነ ይረዳል። የቃሉ ጉዳይ ግን የተመልካቹ ዓይን ነው፤ ስለዚህ «ዕይታ» ይሻላል። ፍቺውም ይህ ነው፦ በአንድ ጉዳይ ላይ ጠንካራ አቋም ያለው ሰው፣ ሌሎች ሚዛናዊ የሚሉትን ዘገባ በእርሱ ወገን ላይ ያደላ አድርጎ የማየት ዝንባሌ።

ለምን እንዲህ እንደሚሆን ለመረዳት ተመራማሪዎች ሦስት መላምቶችን ይዘው ተነሡ። አንደኛው ደጋፊው ከዘገባው የሚያስታውሰው የሚያስከፋውን ክፍል ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው የባላንጣው ሐሳብ ከነጭራሹ ሊነገር አይገባውም ብሎ ስለሚያምን ነው ይላል። ሦስተኛው መላምት ሁለቱም ወገኖች ያንኑ ዐረፍተ ነገር በትክክል እንደሚያስታውሱት፣ ነገር ግን አንዱ «ለእነሱ የተነገረ» ብሎ ሲመድበው ሌላውም እንዲሁ እንደሚመድበው ይገልጻል። ካትሊን ሽሚት፣ አልበርት ጉንተርና ጃኒስ ሊብሃርት በ2004 ባሳተሙት ሥራ የተሻለ ድጋፍ ያገኘው ይህ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ «ዘገባውን ደግመህ አንብበው» የሚለው የተለመደ ምክር ብዙም አይረዳም። ሰውየው አንብቦታል፣ አልረሳውምም፤ የሚለየው እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር የሚያስቀምጥበት ጎራ ነው።

በዚያው ዓመት ጉንተርና ሽሚት የሠሩት ሌላ ሙከራ ለእኔ የጉዳዩ እምብርት ነው። ዘረ መላቸው ስለተለወጠ ምግቦች የሚከራከሩ ሁለት ጎራዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ተሰጣቸው። ለገሚሶቹ ጽሑፉ ጋዜጣ ላይ የወጣ ዜና ሆኖ ቀረበ፤ ለገሚሶቹ ደግሞ የአንድ ኮሌጅ ተማሪ የክፍል ሥራ ሆኖ። ቃሉ አንድ ነው። ዜና ነው የተባሉት አንባቢዎች ጽሑፉ ወደ ባላንጣቸው እንዳደላ አዩ። የተማሪ ሥራ ነው የተባሉት ግን ያ ቅሬታ አልታየባቸውም፤ እንዲያውም ወደ ራሳቸው አቋም ቀረብ አድርገው አነበቡት። በተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ልዩነቱን ያመጣው ጽሑፉ ስንት ሰው ዘንድ ይደርሳል የሚለው ግምት ነው። የተማሪን ጽሑፍ መምህሩ ያነበዋል፣ ጋዜጣን ግን ሕዝብ ያነበዋል። እኔ አልታለልም፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ግን ይታለላል ብለን እንሰጋለን። በሚዲያ ላይ የምናነሣው ቁጣ ብዙውን ጊዜ ስለ ሌላው አንባቢ ያለን ፍርሃት ነው።

ይህን ያነበበ አዘጋጅ ወይም ባለሥልጣን «እንግዲያው አድልዎ የሚባል ነገር የለም፣ ችግሩ አንባቢው ነው» ቢል ቃሉን ያለ ቦታው ተጠቀመበት። አድልዎ አለ። ከ2003ቱ የኢራቅ ጦርነት በፊት ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ያወጣቸው ዘገባዎች የሚገባውን ያህል እንዳልተፈተሹ ጋዜጣው ራሱ በሜይ 2004 ለአንባቢዎቹ አምኗል። የዚያን ጊዜ ተጠራጣሪ አንባቢ ትክክል ነበር። አንድ ዘገባ በእርግጥ ወደ አንድ ወገን ሲያደላም ዕይታው ሥራውን አያቆምም፤ የተደላለት ወገን አድልዎውን አሳንሶ፣ የተበደለው አግዝፎ ያየዋል።

በዜና ክፍሎች ውስጥ የሚዘወተር አንድ መጽናኛም እዚህ ላይ ይወድቃል፤ «ሁለቱም ወገን ከሰደበን ሚዛናዊ ነን ማለት ነው» የሚለው። ይህን አባባል አጥብቄ እቃወማለሁ። ጥሩ ዘገባም ከሁለት ወገን ስድብ ይቀበላል፤ ግድየለሽና ያልተጣራ ዘገባም እንዲሁ። የሁለት ወገን ቅሬታ የዘገባ ጥራት መለኪያ ሊሆን አይችልም፤ አዘጋጁንም እያንዳንዱን ቅሬታ ከመመርመር ነጻ አያወጣውም።

አሜሪካ ውስጥ ጋለፕ በየጊዜው በሚያካሂደው ጥናት በ1976 መገናኛ ብዙኃንን በእጅጉ ወይም በመጠኑ አምናለሁ ያለው ሕዝብ 72 በመቶ ነበር፤ በ2025 ወደ 28 በመቶ ወርዷል። በዴሞክራቶችና በሪፐብሊካኖች መካከል ያለው ልዩነትም በጣም ሰፊ ነው። ለዚህ ውድቀት የባላንጣ ሚዲያ ዕይታ ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ዝንባሌው በ1976ም የነበረ የሰው ጠባይ ነውና። ዛሬ ግን ፖለቲከኛው አውቆ ይነዳዋል። ዶናልድ ትራምፕ በፌብሩዋሪ 2017 ትልልቆቹን የዜና ተቋማት በስም ጠቅሰው «የአሜሪካ ሕዝብ ጠላት» ናቸው ሲሉ፣ ለደጋፊዎቻቸው ገና ያልታተመውን ዘገባ ሳይቀር በየትኛው ጎራ እንደሚመድቡት አስቀድመው ነገሯቸው።

እኛም ይህን በቅርቡ አይተነዋል። ከኖቬምበር 2020 እስከ ኖቬምበር 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት ወቅት ዋሽንግተንን ጨምሮ በብዙ ከተሞች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በ«በቃ» ዘመቻ አደባባይ ወጥተው ሲኤንኤንንና ሌሎች የምዕራብ ሚዲያዎችን በሐሰት ዘገባ ከሰሱ። የትግራይ ተወላጆችም በእነዚያው ከተሞች ሰልፍ ወጥተው ዓለም ስለ ሰቆቃቸው ዝም አለ አሉ። የሁለቱም ሕመም እውነተኛ ነበር፤ ዘመድ የሞተበት ሰው ዜናን እንደ ገለልተኛ ተመልካች አያይም። የዘገባው ችግርም ነበረ፦ ስልክና ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ፣ ጋዜጠኞች እንዳይገቡ ተከልክለው ብዙው ነገር ከሩቅ ነው የተጻፈው። ስለዚህ የትኛው ክስ ትክክል እንደነበረ የባላንጣ ሚዲያ ዕይታ የሚለው ቃል አይፈርድልንም። ፍርዱ የሚገኘው እያንዳንዱን ዘገባ ለየብቻው አንሥቶ በመመርመር ነው፤ ምንጩ ማን ነበር፣ ቦታው ላይ የተገኘ ሰው ነበረ ወይ፣ የተከሰሰው ወገን እንዲመልስ ተጠይቋል ወይ፣ ስህተት ሲገኝ ታርሟል ወይ። ያን ጊዜ ይህን ያደረግነው ጥቂቶች ነን፤ አብዛኞቻችን «የእገሌ ልሳን»፣ «ተከፋይ» ብለን አለፍነው። እንዲህ የተባለ ጋዜጠኛ የሚያርመው ነገር አያገኝም፤ ስህተቱም እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ዘገባ ሲያስቆጣህ ቁጣህን እንደ ማስረጃ አትቁጠረው። ያስቆጣህን ዐረፍተ ነገር ለይና ስለ ባላንጣህ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ትቀበለው እንደነበር ራስህን ጠይቅ። ከዚያም በኋላ ስህተት ሆኖ ካገኘኸው ዐረፍተ ነገሩን ከነማስረጃው ለአዘጋጁ ላክ፤ አዘጋጁም ሊመልስልህ ግዴታ አለበት።