አሌፍ በጣና ዳር

ባሕር ዳር ውስጥ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን የሚያስተምር ወዳጅ አለኝ። ባለፈው ክረምት ደወለልኝና ልጆቹ እንዳስጨነቁት ነገረኝ። ከፍ ከፍ ያሉት ዳዊት ጀምረው መዝሙር 118 ላይ ደርሰዋል። እዚያ በየስምንቱ ቁጥር አናት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የሚወርድ እንግዳ ቃል አለ።

«ምንድን ነው አሉኝ፤ የዕብራይስጥ ፊደል ስም ነው አልኳቸው። ታዲያ መልኩን አሳየን ብለው ያዙኝ። ከየት ልጀምር?» አለኝ።

«ራቅ ብለህ አትሂድ፤ እዚያው ጣና ዳር ጀምር» አልኩት። ምክንያቴን ለእሱ በስልክ በቁንጽል ነግሬዋለሁ፤ እዚህ ዘርዘር ላድርገው።

መዝሙር 118 በዳዊት ውስጥ ረጅሙ ነው፤ 176 ቁጥር አለው። (በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ 119ኛ ሆኖ ይቆጠራል።) አሠራሩ ለልጅ ማስተማሪያ የታሰበ ይመስላል። የዕብራይስጥ ፊደል 22 ነው፤ መዝሙሩም 22 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ስምንት ቁጥር ይይዛል፤ የአንዱ ክፍል ስምንቱም ቁጥሮች በአንድ ፊደል ይጀምራሉ። ቃሉ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለስ ይህ ጥበብ ይጠፋል። ግዕዙ ግን የፊደሉን ስም ከየክፍሉ በላይ አስቀረው። በዚህም የተነሳ አንድም የዕብራይስጥ መጽሐፍ በዓይኑ ያላየ የጣናዎቹ የዘጌ ወይም የክብራን ገዳማት ተማሪ 22ቱን ስም ከአሌፍ እስከ ታው በቃሉ ይወጣዋል።

ነገሩ ከዳዊትም ይቀድማል። ፊደል የቆጠረ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ላስታውስ። ሕፃኑ ዛፍ ጥላ ሥር እግሩን አጣጥፎ ይቀመጣል። ገበታውን ጭኑ ላይ ያደርጋል፤ በእጁ ስንደዶ ይዞ በጫፉ ፊደሏን እየነካ «ሀ ሁ ሂ ሃ» ይላል። ስንደዶው ቀልድ አይደለም። ዓይን፣ እጅና አፍ አንድ ቦታ ላይ እንዲገናኙ የሚያደርገው እሱ ነው። ጥቂት ሳምንት ሲያልፍ ግን ልጁ ዜማውን ይለምደዋል፤ ስንደዶው ለ ላይ ቆሞ አፉ መ ላይ ይደርሳል፤ ዓይኑ ደግሞ ዛፉ ላይ ያለችውን ወፍ ይከተላል። የኔታ ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ አቡጊዳን ያመጡበታል።

አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ።
በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ።
ገ ዱ ሂ ዋ ዜ ሕ ጦ።

እዚህ ላይ በዜማ ማምለጥ የለም። ፊደሉም ድምፁም በየእርምጃው አብረው ይቀየራሉ፤ ልጁ አንዷን ፊደል በመልኳ ካላወቃት ይያዛል። ሁለተኛውን መስመር ከ«በ» ሲጀምር የፊቱን መስመር ማስታወሱ ብዙም አይረዳውም። አሁን የየመስመሩን መጀመሪያ ወደ ታች እናንብበው፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ፣ ሀ፣ ወ፣ ዘ፣ ሐ፣ ጠ፣ የ፣ ከ፣ ለ፣ መ፣ ነ። አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ ማለት ነው። አቡጊዳ በዕብራይስጥ ተራ የተደረደረ የግዕዝ ፊደል ነው። ከ«ሀ ለ ሐ መ» ወደዚህ ተራ ያሻገረን ድልድይ ያው መዝሙር 118 ነው ብዬ አምናለሁ።

አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ይህን ተራ እንደ ተማሪ ቤት መልመጃ ብቻ አላዩትም። በኢየሩሳሌም ለረጅም ዓመታት ተቀምጠው ዕብራይስጥ የተማሩት እኒህ ሊቅ፣ ደስታ ተክለ ወልድ አሟልተው በ1948 ዓ.ም. ያሳተሙላቸውን ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያዋቀሩት በአበገደ ነው። ደስታም የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በዚሁ ተራ አዘጋጁት። ለሀሁ የለመደ ሰው መጽሐፉን ሲከፍት መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ አቡጊዳ የወጣ ግን ቤቱ የገባ ያህል ነው። የቋንቋ አጥኚው ፒተር ዳንኤልስም እ.ኤ.አ. በ1990 ተነባቢና አናባቢን በአንድ ምልክት አጣምረው ለሚጽፉ የዓለም ጽሕፈቶች ስም ሲፈልግ «አቡጊዳ» አላቸው። ዛሬ የሕንድን ፊደል የሚያጠና ምሁር ሳይቀር ይህችን ከየኔታ እግር ሥር የወጣች ቃል ይጠቀማል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ደግሞ የተገላቢጦሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1933 ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ በምትገኘው በጥንታዊቷ ቤትሳሚስ ከቁፋሮ አንዲት የሸክላ ጽሑፍ ወጣች። ዕድሜዋ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 13ኛው መቶ ዓመት ይደርሳል። ምን እንደምትል ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ በኋላ ሲነበብ ፊደላቱ በ«ሀ ለ ሐ መ» ተራ የተደረደሩ ሆነው ተገኙ። የእኛ ተራ በእስራኤል ምድር ከሸክላ ላይ፣ የእነሱ ተራ በጣና ዳር ከሕፃን አፍ!

ወዳጄ የጠየቀኝ ግን ስለ ታሪክ ብቻ አልነበረም። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጅ ምን በእጁ ይዞ ይማር? ነበር ጥያቄው። የነገርኩት ሁለት ነገር ነው።

አንደኛው በገዛ አካላቸው እንዲማሩ ነው። የዕብራይስጥ ፊደላት ስም ብዙው የአካልና የቤት ዕቃ ስም ነው፤ ግዕዝና አማርኛ ለሚያውቅ ልጅ ደግሞ ግማሹ በነጻ የተሰጠው ነው። ቤት ያው ቤት ነው። ጋሜል ግመል ነው። ዮድ እጅ ነው፤ በግዕዝ እድ እንላለን። ካፍ መዳፍ፣ ፌ አፍ፣ ሬስ ራስ ነው። የዳዊቱ ዔ ዓይን ነው። ሜም ውኃ ነው፤ በግዕዝ የመ ስም ማይ መሆኑን ልብ ይሏል። ልጆቹን ክብ አድርጎ አቁሞ «ሬስ!» ሲል ራሳቸውን፣ «ካፍ!» ሲል መዳፋቸውን፣ «ፌ!» ሲል አፋቸውን ቢይዙ፣ «ሜም!» ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ ሐይቁ ቢጠቁሙ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስሞቹ ይገባሉ።

ሁለተኛው ደንገል ነው። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል በጣና ዳር ሞልቷል። ልጆቹ ቆራርጠው መሬት ላይ ፊደል ይሥሩበት። ዋው አንድ የቆመ ዘንግ ነው። ዮድ ከሁሉ ታንሳለች፤ ቁራጭ ትበቃታለች። ሺን፣ በዳዊታችን ሳን የምትባለው፣ ሦስት ጣት ወደ ላይ የዘረጋች ናት፤ ልጆቹ «ንጉሡ ሠ!» ማለታቸው አይቀርም፤ እውነትም በመልክ እህትማማች ናቸው። እዚህ ላይ መምህሩ አንድ ነገር ቢያሳያቸው ደስ ይለኛል። ዔ በጥንቱ የዕብራይስጥ ጽሕፈት ክብ ነበረች፤ ዓይን ናትና። ዕብራውያን ከባቢሎን ምርኮ በኋላ የአራማይኩን አራት ማዕዘናማ ጽሕፈት ሲይዙ ክቡ ቀረ። የግዕዝ ዐ ግን ዛሬም ክብ ናት። ታውም በጥንቱ መስቀለኛ ነበረች፤ የእኛን ተ ያየ አይስታትም። የጣና ልጅ የአሌፍን ወገን ሲማር የራሱን ፊደል የልጅነት ፎቶግራፍ ያያል ማለት ነው።

በመካከለኛው ዘመን በጀርመን አገር የነበሩ አይሁዶች ልጃቸውን መጀመሪያ ለመምህር የሚሰጡት በበዓለ ሰዊት ቀን ነበር። መምህሩ ፊደል የተጻፈበትን ሰሌዳ ማር ይቀባውና ልጁ ይልሰዋል፤ ትምህርት እንዲጣፍጠው። ከማሩ ይልቅ እኔን የሳበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ፊደሉን ከአሌፍ እስከ ታው ካነበበለት በኋላ ከታው ወደ አሌፍ ይመልስለታል። ከዜማው ነጥቆ መልኳን እንዲያውቅ! የኔታ በአቡጊዳ የሚያደርጉትን እነሱም በራሳቸው መንገድ ያደርጉት ነበር።

ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ ለኖሩት ለቤተ እስራኤል (ለኢትዮጵያ አይሁዶች) ልጆች ግን ፊደሉ ከጨዋታ በላይ ነበር። ኦሪታቸው በግዕዝ ነው፤ ጸሎታቸውም በግዕዝ። እ.ኤ.አ. በ1867 አይሁዳዊው ምሁር ጆሴፍ ሃሌቪ ሊጎበኛቸው ሲመጣ ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1904 ተማሪው ዣክ ፋይትሎቪች መጣ፤ ወጣቱን ታምራት አማኑኤልን ይዞ አውሮፓ ሄደ፤ በ1916 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ታምራት መሩት። እ.ኤ.አ. በ1955 እና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች በሁለት ቡድን እስራኤል አገር ወደ ክፋር ባትያ ተላኩ። ብዙዎቹ ተመልሰው በየመንደሩ የዕብራይስጥ መምህር ሆኑ። የወለቃው ዮና ቦጋለ እነዚያን የመንደር ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ደክመውባቸዋል።

እነዚያ መምህራን የገጠማቸውን ችግር መገመት አይከብድም። ሀሁ ለቆጠረ ልጅ ፊደል ማለት ድምፁን በገላው የተሸከመ ነው፤ ቡ ጎኗ ላይ፣ ቢ እግሯ ላይ ምልክት አላት። ዕብራይስጥ ላይ ግን ቤት ምንጊዜም ቤት ናት፤ ድምፁ ከሥርና ከላይ በሚነጠብ ነጥብ ይታወቃል፤ ያም ነጥብ ብዙ ጊዜ ይቀራል። የጥብርያዶስ ሊቃውንት ነጥቡን ያደራጁት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ ግዕዝ ግን በ4ኛው መቶ ዓመት በኢዛና ዘመን አናባቢውን ፊደሉ ላይ ቀጥሎታል። በዚያ ላይ ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ያን ሁሉ የመንደር ልጅ በጎጆ ውስጥ ተማረው።

በደርግ ዘመን በጎንደር ዕብራይስጥ ማስተማር ተከልክሎ፣ መምህራንም ታስረው ነበር። አሌፍን ለልጅ ማሳየት የሚያስከስስበት ጊዜ እንደነበረ የዛሬ ልጆች ሊያውቁት ይገባል ባይ ነኝ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወጣ ከእነሱ ጋር አቡጊዳ የቆጠሩ አዛውንትም፣ አሌፍ የጀመሩ ሕፃናትም ነበሩ።

ወዳጄ ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። 22ቱም በደንገል ተሠርተው አልቀዋል። የሺንን ሦስት ጣት ማቆም አስቸግሯቸው በጭቃ አጣብቀዋታል፤ ዔ ላይ ሲደርሱ ደግሞ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ አዲሱን ቅርጽ አልቀበልም ብላ ደንገሉን አጥፋ ክብ አድርጋ አስቀምጣዋለች። ተዋት አልኩት። አሁን የቀሩት በቃል መጨረሻ ላይ ሲውሉ መልካቸውን የሚለውጡት አምስቱ ናቸው፤ ካፍ፣ ሜም፣ ኖን፣ ፌና ጻዴ። ለእሑድ ረዘም ያለ ደንገል እንዲያመጡ ነግሯቸዋል፤ ከሜም በቀር የሁሉም እግር ወደ ታች ይረዝማልና።