ከጥላሸት እስከ ፌስታል፤ የማርሚታ ጽዳት አጭር ታሪክ

የሀገራችን የመኪና ታሪክ ሲወሳ አዘውትሮ የሚነገረው ስለ መጀመሪያዪቱ መኪና ነው። ቤንትሊ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ መግባቱን የማያውቅ የሙያ ባልደረባ ጥቂት ነው። ከመኪናው ሆድ ሥር ተጋድሞ የጭስ ማውጫውን ሲፍቅ ስለ ኖረው ረዳትና መካኒክ ግን የተጻፈው እምብዛም ነው። ይህች ጽሑፍ በዋጃ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ይዛ የዚህኑ ሥራ ታሪክ ትመለከታለች።

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። ከደሴ በወልድያ አድርጎ ወደ መቀሌና አሥመራ የሚዘልቀውን ይህን መንገድ ለከባድ መኪና እንዲመች አድርገው የሠሩት ከ1928 ዓ.ም. ወረራ በኋላ ኢጣልያኖች ናቸው። ፊያትና ላንቻ የተባሉት ካሚዮኖቻቸውም የመካኒክነት ትምህርት ቤት ሆኑ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ተነሥቶ ቢወጣም ቃላቱ በጋራዦቻችን ቀርተዋል፤ ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ። ማርሚታ በኢጣልያንኛ አስቀድሞ ድስት ማለት ነው፤ በላዩ የሚያርረውን ለሚያይ ሰው ስሙ አለቦታው የተሰጠ አይመስልም።

በዚያ ዘመን የማርሚታ ጠላት ጥላሸት ነበር። ነዳጁ በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር ጥላሸቱ በቱቦው ውስጥ እየተደራረበ መውጫውን ያጠብባል፤ ሞተሩም ይደክማል። መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር የሚስማማ ነበር፤ ፈትቶ መደብደብ፣ በብረት መፋቅ፣ ሲብስም በእሳት ማቃጠል። ጥላሸት ካርቦን ነውና ሲቃጠል ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ የጉድፉ ዓይነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1965 ስዊድናዊው ስቴን ጉስታፍ ቱሊን የነደፈው የፕላስቲክ ከረጢት በፓተንት ተመዘገበ፤ ዘሩም እየተባዛ በእኛ ዘንድ ፌስታል ተብሎ ከየገበያው ወደየመንገዱ ወጣ። ከረጢቱ የሚሠራበት ፖሊኤትሊን ከ105 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ በሞተሩ አጠገብ ያለው ቱቦ ግን በብዙ መቶ ዲግሪ ይግላል። ስለዚህ ነፋስ ከመኪና ሥር የከተተው ፌስታል ከጋለው ብረት ላይ ወዲያው ይጣበቃል።

ችግሩ ጉድፉ ሲለወጥ መድኃኒቱ አለመለወጡ ነው። ፕላስቲክን በእሳት የሚያቃጥል ሰው መርዘኛ ጭስ ይተነፍሳል፤ አፍንጫው ከቱቦው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅምና ጉዳቱ የከፋ ነው። በብረት የሚፍቀውም ዝገት የሚከላከለውን የአሉሚኒየም ሽፋን ይገፍፋል። ሽፋኑ የተነሣለት ቱቦ ይዝጋል፤ የዛገውም ይበሳል። በቀዳዳው የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውምና ወደ መኪናው ውስጥ ከዘለቀ ተሳፋሪውን በእንቅልፉ ሊገድል ይችላል።

ትክክለኛው አሠራር ትዕግሥትን ይጠይቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ቱቦው ፈጽሞ ከበረደ በኋላ የደረቀውን ጉድፍ በእንጨት መላጥ ይገባል። የቀረውን ከቤት ውጭ፣ ቱቦውን በጥቂቱ ብቻ አሙቆ፣ ጓንት አጥልቆ በወፍራም ጨርቅ መጥረግ ነው። ቤንዚን በጋለ ቱቦ ላይ ማፍሰስ እሳት መጥራት ነው። በመጨረሻም ጉድፉ የሸፈነው ቀዳዳ እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል።

ሙያችን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። እጅ ግን አሠራሩን እንጂ ምክንያቱን አያወርስም። አሮጌው ትውልድ ለምን በእሳት እንዳጸዳ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ትውልድ መቼ እሳቱን መተው እንዳለበት ባወቀ ነበር።